በቀኝ የተገራችው ቡሬ

ድካም ሲበዛ ሰው ቆሞ ይተኛል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ በዚያ ዓመት ብሩሽ በእጄ እንደያዝኩ የፈረስ አንገት ላይ ተደግፌ ተኝቼ አውቃለሁ። ፈረሷ እስክነቃ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ብዙ ጊዜ ሳስበው፣ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ያን ቀን ስላልተነቃነቀችልኝ ይመስለኛል።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። አገር ቤት የእንስሳት እርባታ ተምሬ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። የተማርኩት ግን ስለ ወተት ላምና ስለ ዶሮ ነው። ፈረስ በመጻሕፍታችን ውስጥ ሁለት ገጽ ቢኖረው ነው። ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። ከሰዓት በኋላ ኦበርን የምትባል ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከመጋዘኑ ብዙ በማይርቅ የፈረስ ግቢ ጋጣ እጠርጋለሁ። በተፈጥሮዬ ዓይን አፋር ነኝ። እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አያቅተኝም፤ ሰው ፊት ስቆም ግን ከአፌ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ “ኦኬ”። ሲያዙኝ ኦኬ፣ ሲቆጡኝ ኦኬ፣ ሳይገባኝም ኦኬ።

የፈረሱን ሥራ ያገኙልኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጋሽ ወርቁ ናቸው። ስልሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ወደ አሜሪካ ሳታመጣቸው በፊት ደብረ ዘይት ላይ ለአስራ አምስት ዓመት ጋሪ ነድተዋል። ሲያትል መጥተው ሁለት ሥራ ሞከሩ፣ ሁለቱንም ጠሉ። በመጨረሻ አንድ ሰው ወደ ፈረስ ግቢ ወሰዳቸውና የጋጣው ሽታ ሲመታቸው፣ “እዚህ ካልቀጠራችሁኝ በነፃ እሠራለሁ” አሉ ይባላል። በየቀኑ ንጋት ላይ በአሮጌ ኮሮላቸው መጥተው ይወስዱኛል። መንገድ ላይ አንናገርም። እሳቸው የጠዋት ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ እኔ መስታወቱ ላይ ተደግፌ እተኛለሁ።

የግቢው ባለቤት ማርጅ ትባላለች። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ቁጡ ሴት ናት። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው በስሟ በጠራኋት ቁጥር ጥፋት የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ ግን መፍትሔ አግኝተው ነበር። ፊት ለፊት “እትዬ ማርጅ” ነው የሚሏት። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃኝ ስነግራት ሁለት ቀን ሙሉ ፈገግ ስትል ሰነበተች።

ጊዜው ኢኮኖሚው የወደቀበት ነበር። ሰው ቤቱን እየለቀቀ፣ ፈረሱን መቀለብ እያቃተው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የሁለት ዓመት ባዝራ ለአንድ ወር አቆዩልኝ ብሎ አምጥቶ በዚያው ጠፋ። ስልኩም አልሠራ አለ። በሕጉ መሠረት የሚያስፈልገው ቀን ሲያልፍ ባዝራዋ የማርጅ ሆነች። ዳማ ላይ ነጭ የተደፋባት ቡራቡሬ ናት፤ ከትከሻዋ እስከ ጎኗ ወተት ያፈሰሱባት ትመስላለች፤ አንደኛው ዓይኗ ሰማያዊ ነው። ሜዳ ላይ ያደገች ስለሆነች ገመድ አታውቅም። ጋሽ ወርቁ ባዩዋት ቀን “ቡሬ” አሏት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ማርጅ ግን የዳሌ ቀዶ ጥገና ልታደርግ፣ ከዚያም ግቢውን ልትሸጥ ወስና ነበር። ዱክ የሚባለውን ሽማግሌ ፈረሷን ልጇ ትወስደዋለች። ለቡሬ ቦታ የላትም። ወደ ልጇ ቤት ከመሄዷ በፊት ሁለታችንን አቁማ እንዲህ አለችን፦

“ሰኔ ላይ የቡራቡሬ ፈረሶች ትርኢት አለ። ማንም አይጋልባትም፤ በእጅ ተይዛ ዳኛ ፊት መሄድ፣ ሶምሶማ መሮጥ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ስድስት ሳምንት አላችሁ። እዚያ ጥሩ ከታየች የሚፈልጋት ሰው አይጠፋም። ካልተገኘ ሰኞ የጨረታው መኪና ይመጣል።”

ጨረታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ወርቁ በሌላ ሠራተኛ በኩል ሰምተው ነበር። ያልተገራ ፈረስ በዚያ ዓመት የሚሸጠው በክብደቱ ነው፤ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ቄራ ይገባል። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር፤ ቡሬ አጠገባችን ስለነበረች።

ስድስቱን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩ በዝርዝር አላስታውስም። ድካም ትዝታ አይተውም፤ ብሩሽ እንደያዝኩ የቡሬ አንገት ላይ የተኛሁት ያኔ ነው። የማስታውሰው የጋሽ ወርቁን ድምፅ ነው። “ቁሚ። ቀስ። እሰይ የኔ እመቤት።” እሳቸው ገመዱን ይዘው ያሳዩኛል፣ ከዚያ እኔ እይዛለሁ። ሁልጊዜ የምንቆመው በቡሬ ቀኝ በኩል ነው። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ነገሩኝ።

“ጋሪ ነጂ ወርዶ ፈረሱን ሲስብ በቀኝ ነው የሚሄደው። መኪናው በግራ ነዋ የሚያልፈው! በግራ የሚሄድ ነበር አንድ፣ ጓደኛችን። የጭነት መኪና መስታወት ጆሮውን ይዞት ሞጆ ገባ።”

“ጆሮውን?”

“ግማሹን እንኳን መልሶለታል።”

ሶምሶማ እንድትሮጥ ሲፈልጉ “ቼ!” ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቡሬ “ቼ” ስትባል እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። እኔም እላለሁ፤ የእኔ ግን ሹክሹክታ ነው። “ልጄ፣ ፈረሷን ነው የምታዢያት ወይስ ምሥጢር ነው የምትነግሪያት?” ይሉኛል።

ማርጅ እሑድ እሑድ ኮል ታደርጋለች። “እንዴት ናት?” ስትል “ጥሩ ናት” እላለሁ። “ትሄዳለች?” “ትሄዳለች።” “ትቆማለች?” “ኦኬ።” በቃ።

ትርኢቱ ቅዳሜ ነው። ማርጅ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች።

እኛ ከጠዋት ጀምሮ ቡሬን ስናጥብ ነበር የዋልነው። ነጭ ፈረስ ማጠብ ከባድ ነው ይላሉ፤ ቡራቡሬ ይብሳል፤ ነጩ የተኛበትን ሁሉ ይናገራል። ጎኗ ላይ የሽንት ቢጫ ነበረ፣ ጉልበቷ ላይ የሣር አረንጓዴ። ሦስት ጊዜ በሻምፖ አጠብናት። ጋሽ ወርቁ ሻምፖውን አላመኑትምና ከመኪናቸው ሎሚ አምጥተው ጭራዋን አሹት። ስንጨርስ እጄ እንደ አጣቢ እጅ ተጨማዶ ነበር። ቡሬ ግን ታበራለች። ጋሽ ወርቁ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩዋትና “ምንም አትልም፣ ደህና ናት” ብለው ቶሎ ዘወር አሉ። ያማረ ነገር አፍ አውጥተው አያሞግሱም።

ማርጅ በመራመጃዋ እየተደገፈች ከመኪና ወርዳ አጥሩ ጋ ቆመች።

“እስቲ አሳዩኝ” አለች።

ገመዱን ይዤ በቡሬ ቀኝ ቆምኩ። ሄድን። ዞርን። “ቼ” አልኩ በቀስታ፤ ሮጠች። አቆምኳት፤ በአራት እግሯ እኩል ቆመች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ቀና ብዬ ማርጅን አየሁ። ፊቷ እንደ ግድግዳ ሆኗል።

“ለምን በዚያ በኩል ቆምሽ?” አለችኝ።

ገመዱን አጠር አድርጌ ያዝኩ።

“ፈረስ የሚያዘው በግራ ነው! ሁልጊዜ! በዓለም ሁሉ! በዚህ በኩል ይዘሽ ብትገቢ ዳኛው አይቶም አያይሽም። በይ ወደ ግራ ሂጂ።”

ወደ ግራ ዞርኩ። ቡሬ ግራ ተጋባች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ተሽከርክራ በቀኟ አስገባችኝ፤ ትክክለኛ ቦታሽ ይህ ነው እንደማለት። እንደገና ዞርኩ፤ እንደገና ተሽከረከረች። ሦስተኛው ላይ እግሬን ረገጠችኝ። ማርጅ በመራመጃዋ መሬቱን መታች። እኔ በስድስት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል እንግሊዝኛ ሰምቼ አላውቅም። የማያውቅ ሰው ማመኗ የራሷ ጥፋት እንደሆነ፣ ስድስት ሳምንት ሜዳ ላይ እንደፈሰሰ፣ ቅዳሜን መተው እንደሚሻል፣ ለጨረታው መኪና አሁኑኑ ኮል እንደምታደርግ ተናገረች።

ጋሽ ወርቁ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ፤ እንዲህ ሲፈጥንባቸው ግን አይዙትም።

“ምን አሉ እትዬ ማርጅ?” አሉኝ።

“ትንሽ... ልምምድ ይቀራታል አሉ” አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ረጅም ጊዜ አዩኝ። “ይህን ሁሉ ጮኸው ትንሽ ልምምድ ነው ያሉት?”

የቡሬን አንገት ዳበስኩ።

“በቀኝ መያዜ ነው አይደል?” አሉ ቀስ ብለው። “የእኔ ነገር ነው። ጋሪ መሰለኝ ሁሉም።” ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። ያን ቀን ነው ሽማግሌ መሆናቸውን ያየሁት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ አውቅ ነበር። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን አይቼ ነበር። የኮርቻው ክፍል ግድግዳ ላይ የማርጅ የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ኮርቻ ስወለውል አንድ በአንድ አየኋቸው። በሁሉም ፎቶ ላይ ሰው የቆመው በፈረሱ ግራ ነው። በሁሉም! ብሩሹን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁ። ከዚያ፣ ለአስራ አምስት ዓመት በፈረስ ያደሩትን ሰው፣ በየንጋቱ ከቤቴ የሚወስዱኝን አባት የሚያህሉ ሰው፣ “ጋሽ ወርቁ፣ ተሳስተዋል” እላለሁ? እኔ፣ ሁለት ገጽ ያነበብኩት? ነውር መሰለኝ። ማርጅን ልጠይቅ አልኩ፤ እሑድ ኮል ስታደርግ ግን “ጥሩ ናት” ብቻ ወጣኝ። ብሩሹን አንስቼ ኮርቻውን መወልወል ቀጠልኩ። አራት ሳምንት ሙሉ ወለወልኩ።

ማርጅ ወደ ቤት ልትገባ ዞራ ነበር። “ማርጅ” አልኳት፤ ድምፄ አልወጣም። “ማርጅ!” አልኩ ደግሜ። ቆመች።

“እስኪጨልም ድረስ ጊዜ ስጪን። እባክሽ። ለመኪናው ዛሬ ኮል አታድርጊ።”

እጇን ወዘወዘችና ገባች። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም።

መጋዘኑ ጋ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ። ኃላፊው፣ “ስትቀሪ ሦስተኛሽ ነው፤ ሰኞ ቢሮ እንነጋገር” አለኝ። “ኦኬ” አልኩት።

ከዚያ ሞከርን። ቡሬ በግራዋ ሰው ሲቆም ቀኟ የተራቆተ ይመስላታል፤ ትሸበራለች፤ ትሽከረከራለች። አስር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ዝናብ መጣ፤ ያጠብነው ነጭ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ። ድካሙ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ዓይነት አልነበረም፤ ማልቀስ ማልቀስ የሚል ነው። ጋሽ ወርቁ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው ድንገት፣

“ቆይ፣ ሽማግሌውን አምጪው” አሉ።

“ማንን?”

“ዱክን። አዲስ ፈረስ ጋሪ ስናስለምድ ከአሮጌ ጋር ነው የምንጠምደው። አሮጌው ጎኗ ካለ አትፈራም።”

ዱክን አምጥተው በቡሬ ቀኝ አቆሙት። እሳቸው ዱክን ያዙ፤ እኔ በግራ ቡሬን። ቀኟ ሲሞላላት ቡሬ ተነፈሰች። ሄድን። አራታችን ጎን ለጎን፣ በዝናብ ውስጥ፣ ግቢውን ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ዱክን አንድ ክንድ ራቅ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሁለት ክንድ፤ ከዚያ አምስት። ሊመሽ ሲል ዱክን አጥሩ ጋ አስረው፣ ራሳቸው ብቻ በሩቅ በቀኟ እየተራመዱ ከእኔ ጋር በግራ ሄደች። ሶምሶማው ግን አልሆነም። “ቼ” ስላት ገና ተሽከርክራ ትፈልገኛለች።

“መራመዱ ይበቃል። ለሶምሶማው እግዜር ያውቃል” አሉ ጋሽ ወርቁ።

ጠዋት ማርጅ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። የራሷን ነጭ ሸሚዝ ዘረጋችልኝ። “ልጄ የፈረስ መጫኛውን ተጎታች ይዛ እየመጣች ነው” ብቻ አለች። እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ ይሄድ ነበር፤ ሁለቴ አጠፍኩት።

ትርኢቱ ከኦበርን ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። ሰባት ፈረስ ነን። ሌሎቹ ያዦች ንጹሕ ቦቲ ጫማ አድርገዋል፤ ፈረሶቻቸው በመስታወት የተሠሩ ይመስላሉ። እኔ ከመግባቴ በፊት ሁለቴ ሽንት ቤት ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ዣንጥላ ይዘው አጥሩ ጋ ቆመው ነበር።

“እኔ ከውጭ በኩል በቀኟ እሄዳለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂ” አሉኝ። “ደግሞ መሬት መሬት አትዪ። አንቺ ያየሽበት ነው የምትሄደው።”

ገባን። ሜዳውን ስንዞር አጥሩ የሚውለው በቡሬ ቀኝ ነው። ጋሽ ወርቁ ከአጥሩ ውጭ፣ ዣንጥላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ምንም እንደማያውቁ የሚንሸራሸሩ ሽማግሌ መስለው ከእኛ ጋር እኩል ይራመዳሉ። ሰው ተቀምጦ ካለ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያሉ በአማርኛ እየዘለሉት ያልፋሉ። ቡሬ አንድ ጆሮዋን ወደ እሳቸው፣ አንዱን ወደ እኔ አድርጋ እንደ ንግሥት ሄደች። ማርጅ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ሆና አንገቷን ስታሰግግ በዓይኔ ጠርዝ አየኋት።

ከዚያ ዳኛው ወደ መሃል ጠራን። አንድ በአንድ ነው። ወደ እሱ በእርምጃ መሄድ፣ ከእሱ እስከ ምልክቱ በሶምሶማ ሄዶ መመለስ፣ መቆም። ሜዳው መሃል አጥር የለም። ጋሽ ወርቁ ሩቅ ናቸው።

ተራችን ሲደርስ ግማሽ መንገድ ድረስ ሄደች። ከዚያ ቆመች፤ በቀኟ ባዶውን አየች። የሰው ዓይን ጀርባዬ ላይ ይታወቀኛል። ጠበቅኩ። ሄደች። ዳኛው ፊት ደረስን፤ ሽበታም ጢም ያለው ረጅም ሰው ነው። “ሶምሶማ፣ እባክሽ” አለ።

“ቼ” አልኩ። ማንም አልሰማም፤ ቡሬም አልሰማችም። ገመዱን ሳብኩ፤ ተሽከረከረች። መልሼ በግራ ቆምኩ፤ ደግማ ተሽከረከረች። አንድ ሰው ሳቀ። ጋሽ ወርቁን በሩቅ አየኋቸው፤ ዣንጥላቸውን ዘግተው በሁለት እጃቸው ጨብጠውታል። መጮህ አይችሉም፤ ያባርሩናል። የሰኞው መኪና ታየኝ። መፍራት ራሱ የደከመኝ ይመስለኛል።

በቡሬ ፊት ዞሬ ወደ ቀኟ ሄድኩ። ገመዱን በግራ እጄ ያዝኩ። ማርጅ ፊቷን ስትሸፍን አየሁ። አየር ሳብኩና፣

“ቼ!” አልኩ።

ከአሜሪካ ሰማይ በታች እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አገር ቤትም ጮኼ አላውቅም። ቡሬ በረረች። እኔም አብሬ። ነጩና ዳማው አንድ ላይ ሲፈስ፣ ሰኮናዋ ጭቃውን ሳይረግጥ የሚያልፍ ሲመስል፣ ዳኛውን ረሳሁት። ምልክቱን ዞረን ተመለስን። “ቁሚ” አልኳት። በአራት እግሯ እኩል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች።

ዳኛው በቡሬ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞረ።

“ዛሬ እንደ እሷ የሮጠ አላየሁም” አለ። “ግን በተሳሳተው ጎን ነሽ። ታውቂያለሽ?”

ኦኬ ልል አፌን ከፈትኩ። “አውቃለሁ” አልኩ። “ያስተማርናት እኛ ነን። እሷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።” ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሰባተኛ ወጣን። ሪባን የሚሰጠው እስከ ስድስተኛ ነው።

ተጎታቹ ጋ ሆኜ የቡሬን እግር ማጠብ ጀመርኩ። ማርጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋሽ ወርቁ ባልዲውን ያዙልኝ። አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት መጥታ ፊት ለፊታችን ቆመች። ቀኝ እጇ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው።

“ይቺ ፈረስ በቀኝ መያዝ ለምዳ ነው ወይስ አጋጣሚ ነው?” አለች።

“ስህተት ነው” አለች ማርጅ በደከመ ድምፅ። “እኔ አልነበርኩም፤ ሰዎቼ ሳያውቁ...”

“ምን ያህል ጊዜ?”

“ስድስት ሳምንት” አልኩ እኔ። “ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሌላ አታውቅም።”

ሴትየዋ በግራ እጇ ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ አሳየችን። ሕይወት የሌለው እጅ ነው። “ስትሮክ መትቶኝ ነው፤ አራት ዓመቴ። ገመድ የምይዘው በዚህ በግራው ብቻ ነው። በግራ እጅ ፈረስ ለመያዝ በቀኙ መቆም አለብኝ። ያሉኝ ፈረሶች ሁሉ እዚያ ስቆም ይደነግጣሉ፤ አንዱ የጎድን አጥንቴን ሰብሮታል። ልሞክራት?”

ገመዱን ሰጠኋት። በቀኝ ቆመች። ቡሬ አሸተተቻት፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና አብራት ሄደች፤ ይኸው አንድ የሚገባው ሰው ተገኘ እንደማለት። ሴትየዋ ዞራ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አዝሏል።

“ምን ብለሽ ነበር ያስሮጥሻት?”

“ቼ” አልኳት።

“ቼ” አለች በቀጭኑ። ቡሬ ጆሮዋን እንኳን አላንቀሳቀሰችም።

ጋሽ ወርቁ አላስቻላቸውም። “ኧረ እንዲህ አይደለም! አንቺም ዛሬ ገና ነው የቻልሽው፣ አንቺ ምሥጢረኛ! አፍ ሞልተው ይበሉት በያት!”

“አፍሽን ሞልተሽ በዪው ይሉሻል። እኔ ምሥጢረኛዋም ዛሬ ገና ነው የቻልኩት ይላሉ” አልኩ። አንድም ቃል አልቆረጥኩም።

ሴትየዋ ሳቀች። ማርጅም ሳቀች፤ ስትስቅ ዳሌዋን ይዛ ነበር።

ስንመለስ የጋሽ ወርቁ ኮሮላ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዝናቡ አቁሟል። መተኛት እችል ነበር፤ ግን አልተኛሁም።

“ጋሽ ወርቁ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። በግራ መያዝ እንዳለበት በሁለተኛው ሳምንት አውቄ ነበር። ፎቶ ላይ አይቻለሁ። ይከፋዎታል ብዬ ዝም አልኩ።”

መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ተቆጡኝ ብዬ አሰብኩ።

“ጋሪ ላይ የተሳፈረ ሰው” አሉ፣ “ነጂው ወደ ቦይ ሲሄድ እያየ ‘እንዳላስቀይመው’ ብሎ ዝም ቢል፣ ጋሪው ሲገለበጥ ማን ማን ይወድቃል?”

“ሁለቱም።”

“ፈረሱስ?” ብለው ጠየቁና መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

“ከእኔና ከአንቺ በፊት እሷ ነበረች የምትወድቀው። ለእኔ ማዘንሽን አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን ሁለተኛ አንድ ሰው ላለማስቀየም ብለሽ ሌላውን አትሽጪ።” ትንሽ ቆዩና “ደግሞ እኔ እንዲህ በቀላሉ የሚከፋኝ ይመስልሻል? ጆሮው የተቆረጠው እኮ እኔ ነኝ” አሉ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ቆባቸውን ቀና፣ ራሳቸውን ወደ እኔ ዞር አድርገው አሳዩኝ። ይህን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ስሄድ ቀና ብዬ ስላላየኋቸው፣ የግራ ጆሯቸው ግማሽ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ሰኞ ዕለት መኪና መጣ፤ የጨረታው አልነበረም፤ የሴትየዋ ነበር። ግቢው በመስከረም ተሸጠ። መጋዘኑም አሰናበተኝ፤ በሦስተኛው መቅረቴ። ያን ክረምት ሥራ ፍለጋ ስዞር ነው ያሳለፍኩት፤ ቀላል አልነበረም፤ ጥሩ ሆነልኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው። እኔና እናንተ ዝምታን ከጨዋነት ጋር አንድ አድርገን ነው ያደግነው። ታላቅ ሲሳሳት ዓይናችንን እንሰብራለን፤ ይሉኝታ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም መልካም ነገር ነው፤ አልጥለውም። ግን ያን ቅዳሜ ከዚያች ሜዳ ከወጣሁ ወዲህ፣ ዝም ልል ስል አንድ ጥያቄ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እኔ ዝም ስል ገመዱ ማን አንገት ላይ ነው? ዛሬ እንስሳት ሐኪም ዘንድ እሠራለሁ። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እናገራለሁ።

ሴትየዋ በዓመት አንድ ጊዜ ትደውላለች። ባለፈው ሥራ ላይ ስለነበርኩ መልእክት ተወችልኝ። ቡሬ ደህና እንደሆነች፣ እንደወፈረች ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ከስልኩ ራቅ አለና፣ አፏን ሞልታ፣ ደብረ ዘይት ድረስ በሚሰማ ድምፅ “ቼ!” ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ የሰኮና ድምፅ መጣ። ለጋሽ ወርቁ አሰማኋቸው። ሦስት ጊዜ ደግሜ እንዳጫውተው አደረጉኝና፣

“አሁን ገና ልክ አለችው” አሉ።